የመጀመሪያው በረዶ የሚወሰነው ከታች ነው

(ለአየር ሁኔታ ተከታታዮች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

ውድ ታዳሚያን፣ እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ የተሰበሰበው ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ አውቃለሁ። ኦክቶበር ከተጋመሰ በኋላ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ የሞዴል (ኮምፒውተር የሚያሰላው ትንበያ) ካርታ የሚከፍት፣ "ዛሬ ይበርዳል" ሲሉት "ስንት ሜትር ከፍታ ላይ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ስለዚህ ከሀ ሁ ጀምሬ አላስተምርም። የመጣሁት ልሞግታችሁ ነው።

የብርድ ወራት ሲገቡ "ዘንድሮ በረዶ ቶሎ ይጥላል? አይጥልም?" እያልን ስንከራከር አብዛኞቻችን ዓይናችንን የምንጥለው ከላይና ከሩቅ ላይ ነው። ከላይ ያልኩት አምስት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ቅዝቃዜ የሚያሳየውን ሰማያዊና ሐምራዊ ካርታ ነው፤ ከሩቅ ያልኩት ደግሞ የዛሬ ሁለት ሳምንት ይመጣል የተባለውን ቅዝቃዜ። እኔ ግን የመጀመሪያው በረዶ ዕጣ የሚወጣው ከታች ነው እላለሁ። የሚወጣውም ባሕሩና መሬቱ ከሞቃቱ ወራት ባስቀሩት ሙቀት፣ በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች አየር ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው። በጃንዋሪ ይህን ብዘነጋ ብዙም አይጎዳኝ ይሆናል። በኖቬምበር ግን ይህን የዘነጋ ሰው ደጋግሞ ያፍራል።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት፣ በረዶ ስል ስኖውን ማለቴ ነው፤ በነጎድጓድ የሚወርደውን ጠጠር በረዶ አይደለም። ወርና ዓመት የምጠራውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን የምናወራው ስለ ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ነው።

አስቀድመን የጠቡን ምንጭ እናጥራ። አንዱ "ሰባ በመቶ ይጥላል" ይላል፤ ሌላው "ዐሥር በመቶም አይሞላ" ብሎ ይመልስለታል፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ይነታረካሉ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ እንደሚችሉ ግን የሚያስብ የለም። አንዱ የሚያወራው በአየር ላይ ስለታየች ቅንጣት ነው፤ ሌላው መሬት ላይ ስለተኛ በረዶ። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ ለማየት "ነጭ ገና" የሚባለውን ነገር ውሰዱ። የብሪታንያው የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ዲሴምበር 25 ቀን በሃያ አራቱ ሰዓት ውስጥ አንዲት ቅንጣት ስትወርድ ከታየች ነጭ ገና ብሎ ይመዘግባል። የአሜሪካው ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት በበኩሉ በዚያ ቀን ጠዋት መሬት ላይ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ካልተኛ አይቆጥረውም። በብሪታንያው መለኪያ ከሄድን ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ዓመታት አንድ ቦታ ላይ ነጭ ገና አለ። በረዶ አገሪቱን በሰፊው ያለበሰበትን ገና እንቁጠር ካልን ግን ከ1960 ወዲህ የሚጠሩት 1981፣ 1995፣ 2009 እና 2010 ናቸው። በአንድ አገር፣ በአንድ ቀን፣ መለኪያው ብቻ ተቀይሮ ዕድሉ እንዲህ ይራራቃል። መቶኛ የሚጠራ ሰው ሲገጥማችሁ "የምን? የት? እስከ መቼ?" ብላችሁ ጠይቁት። ካልመለሰላችሁ ተስፋውን ነው የነገራችሁ።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልግባ። ኖቬምበር 21ንና ጃንዋሪ 21ን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በሁለቱም ቀናት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምትደርስበት ከፍታ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ የቀኑ ርዝመትም እንዲሁ። ከፀሐይ የሚመጣው ሙቀት እኩል ነው። በረዶው ግን እኩል አይደለም። በባሕር ዳርቻ አካባቢዎች በተለይ የጃንዋሪው ዕድል ከኖቬምበሩ በጣም ይልቃል። ፀሐይዋ አንድ ከሆነች ልዩነቱ ከየት መጣ? ካለፉት ወራት ከተጠራቀመው ነው። የባሕር ውሃ ሙቀትን አምቆ የመያዝ አቅሙ የሚያስደንቅ ነው፤ ከላይኛው የባሕር ክፍል ሦስት ሜትር ገደማ ብቻ ብትወስዱ፣ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚጠይቀው ጉልበት ከላዩ ያለውን አየር በሙሉ፣ እስከ ጠፈር ጫፍ ድረስ፣ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ጋር ይመጣጠናል። ነፋስ የሚያማስለው የባሕር ክፍል ደግሞ ከሦስት ሜትር እጅግ ይጠልቃል። ለዚህ ነው በብሪታንያና በስካንዲኔቪያ መካከል ያለውን ሰሜን ባሕርን የመሰለ ውሃ በኦገስት ሙቀቱ ጫፍ ደርሶ፣ ቅዝቃዜው ጫፍ የሚደርሰው ፌብሯሪና ማርች ላይ የሆነው። ኖቬምበር ላይ ባሕሩ የሚኖረው ገና በሴፕቴምበር ነው።

ይህን ይዛችሁ የምትወዱትን ካርታ ተመልከቱ። በ850 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው)፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ተጽፏል እንበል። ሁላችንም የምናውቀው የቆየ የጣት ሕግ "ከዜሮ በታች 5 ከደረሰ በረዶ ነው" ይላል። ሌላው ሕግ ደግሞ በ1000 እና በ500 ሄክቶፓስካል መካከል ያለው የአየር ንብብር ውፍረት ከ5,280 ሜትር ካነሰ በረዶ ነው ይላል፤ በካርታው ላይ 528 የተባለው መስመር ማለት ነው። ሕጎቹ ውሸት አይደሉም። ነገር ግን የውፍረቱ ቁጥር ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ አየርን አማካይ የሚናገር ነው። ከሥሩ 300 ሜትር ያህል ሞቃት አየር ቢደበቅ አማካዩን እምብዛም አይነካውም፤ በረዷችሁን ወደ ዝናብ ለመቀየር ግን ያ 300 ሜትር በቂ ነው። በፌብሯሪ ባሕሩ ሲቀዘቅዝ ያ የሥር ሙቀት ይሳሳል። በኖቬምበር ከአርክቲክ የተነሳው አየር ረጅም የባሕር መንገድ አቋርጦ ሲመጣ ከሥር ከሥሩ እየሞቀ፣ እርጥበትም እየጠጣ ይደርሳል። ስለዚህ ያው አንድ ቁጥር በኖቬምበር ዳርቻው ላይ ዝናብ፣ በፌብሯሪ በረዶ ነው። ካርታውን አይታችሁ ቀኑን ካላያችሁ ግማሹን አላያችሁም።

እስቲ ከአንዲት ቅንጣት ጋር አብረን እንውረድ። ቅርንጫፍ ያበጀችው፣ በፎቶ የምናውቃት ባለ ስድስት ጎን ቅንጣት የምትፈጠረው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ አካባቢ ባለ ደመና ውስጥ ነው። ጃፓናዊው ኡኪቺሮ ናካያ በሆካይዶ በ1936 በላቦራቶሪ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ሠርቶ፣ ቅርጹ በሙቀትና በእርጥበት እንደሚለያይ ካሳየ ወዲህ ይህ በደንብ ይታወቃል። ቅንጣቷ በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ እያለች ትወርዳለች። ዜሮ ዲግሪ ያለበትን ከፍታ ስታልፍ ወዲያው ውሃ አትሆንም። ጫፎቿ ይቀልጣሉ፣ ትረጥባለች፣ ከሌሎች ጋር ተጣብቃ ትልቅ እርጥብ ቅንጣት ትሆናለች። ሙሉ በሙሉ እስክትቀልጥ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሜትር ትወርዳለች። በጊዜ ስናሰላው አራት ደቂቃ ገደማ መሆኑ ነው። ከደመናው ተነስታ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ፣ እናንተ ጃኬት ላይ በረዶ ሆና ማረፏን ወይም ጠብታ ሆና መፈናጠሯን የሚወስኑት እነዚህ አራት ደቂቃዎች ናቸው። የዛሬ አሥራ አራት ቀን ለሚሆነው ካርታ የምናጠፋውን ጊዜ ሳስብ እነዚህ አራት ደቂቃዎች ያሳዝኑኛል።

በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ሁለት ነገሮች ይሠራሉ። አንደኛው ትነት ነው። ከገላ መታጠቢያ ወጥቶ ነፋስ የነካው ሰው የሚሰማውን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ከገላው ይወስዳል። ቅንጣቷም በደረቅ አየር ስታልፍ ከፊሏ ይተንና በዙሪያዋ ያለውን አየር፣ ራሷንም ታቀዘቅዛለች። ስለዚህ መመልከት ያለባችሁ ተራውን ቴርሞሜትር ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለው ቴርሞሜትር የሚያሳየውን ንባብ ነው። በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ቦታ የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 30 በመቶ ቢሆን የእርጥቡ ቴርሞሜትር ንባብ ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ሌላ ቦታ ሙቀቱ 3 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 95 በመቶ ቢሆን ንባቡ 2.6 አካባቢ ነው። ስለዚህ ዝናብ ያዘለ ደመና ሲመጣ በረዶ የማየት ዕድል ያለው ባለ 5 ዲግሪው ነው፤ ባለ 3 ዲግሪው ዣንጥላ ይያዝ። ከባሕር የሚመጣ ነፋስ እርጥብ፣ ከየብስ የሚመጣ ነፋስ ደረቅ በመሆኑ፣ በወቅቱ መጀመሪያ ላይ የነፋሱ አቅጣጫ በአርባ ዲግሪ መዞሩ ብቻ ውጤቱን ይገለብጠዋል።

ሁለተኛው መቅለጥ ራሱ ነው። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይጠጣል፤ የሚጠጣውም ከአየሩ ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራ፣ አያስፈራም። 10 ሚሊ ሜትር ውሃ የሚወጣው በረዶ እየወረደ ቢቀልጥ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 10 ኪሎ ግራም ነው፤ የሚጠጣው ሙቀት 3,340 ኪሎ ጁል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የቆመ የአንድ ኪሎ ሜትር የአየር ዓምድ 1,250 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ነፋስ አዲስ ሞቃት አየር ካላመጣበት በሁለት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። በሌላ አነጋገር፣ ከባድ ዝናብ ራሱን ወደ በረዶ ሊቀይር ይችላል። ካፊያ ግን አይችልም፤ ካፊያ ሲያካፋ ውሎ ካፊያ ሆኖ ያድራል። ሞዴሉ የሙቀቱን ነገር በግማሽ ዲግሪ ቢስት፣ የዝናቡን ብርታት ቢስት፣ የነፋሱን ፍጥነት ቢስት፣ ሦስቱም አንዱ ሌላውን እየጎተተ ውጤቱን ያበላሸዋል። ትንበያ ሰጪዎች "ዝናብ፣ አልፎ አልፎ በረዶ የተቀላቀለበት" ብለው ሲጽፉ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። እኔ በግሌ ያንን ዐረፍተ ነገር ከማንኛውም ሐምራዊ ካርታ የበለጠ አምነዋለሁ።

እስካሁን ሙቀቱን ጠላት አድርጌ ነው ያቀረብኩት። ግን ይኸው የተረፈ ሙቀት የወቅቱን ትልቁን በረዶ የሚሠራበት ቦታም አለ። የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች በኖቬምበር ገና ሞቃት ናቸው። ከካናዳ የወረደ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በላያቸው ሲያልፍ ከሥሩ ይሞቃል፣ እርጥበት ይሸከማል፣ ወደ ላይ ይገነፍላል፣ ማዶ ሲደርስ ጭነቱን ያራግፋል። እንዲህ ያለ ደመና ለመነሳት የሐይቁ ወለል ሙቀት 850 ሄክቶፓስካል ላይ ካለው አየር በ13 ዲግሪ ገደማ መብለጥ አለበት የሚባለው የታወቀ መለኪያ ነው። ነፋሱ በሐይቁ ርዝመት ከነፈሰ ደመናው ጠባብና ብርቱ ዘንግ ይሠራል። በኖቬምበር 2014 በኤሪ ሐይቅ ዳር ባለችው በቡፋሎ ከተማ የሆነው ይኸው ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከከተማዋ ደቡብና ምሥራቅ ያሉ ሰፈሮች ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ሲቀበሩ፣ ትንሽ ኪሎ ሜትሮች ወደ ሰሜን የነበሩት የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጥቂት ሴንቲ ሜትር አሳለፉ። በኖቬምበር 2022 ደግሞ እዚያው አካባቢ ኦርቻርድ ፓርክ ላይ ሁለት ሜትር ገደማ ወረደ።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ኖቬምበር ላይ ነው። ኤሪ ሐይቅ አማካይ ጥልቀቱ 19 ሜትር ብቻ ስለሆነ ከታላላቆቹ ሁሉ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ጠንከር ባለ ዓመት ወለሉ በወቅቱ አጋማሽ በግግር በረዶ ይሸፈንና ፋብሪካው ይዘጋል። ኦንታሪዮ ሐይቅ አማካይ ጥልቀቱ 86 ሜትር በመሆኑ አብዛኛው ክፍሉ ሳይረጋ ይከርማል፤ ለዚህም ከምሥራቁ ያሉት ቦታዎች እስከ ፌብሯሪ ድረስ በረዶ ይወርድባቸዋል። ስለዚህ ከኤሪ ማዶ ላለ ሰው የወቅቱ መጀመሪያ የመጠበቂያ ጊዜ ሳይሆን ዋናው ጊዜ ነው። የጃፓን ባሕርም በትልቁ ያንኑ ይሠራል፤ ከሳይቤሪያ የሚነፍሰው አየር የቱሺማ ሞገድ የሚባለውን ሞቃት የባሕር ፍሰት ተሻግሮ የጃፓንን ዋና ደሴት የሆንሹን ተራሮች ሲገጥም፣ በዓለም ላይ በብዛት በረዶ ከሚወርድባቸው የሰው መኖሪያዎች አንዱን ይሠራል።

ሙቀቱ ጠላት የሚሆንበትንና ወዳጅ የሚሆንበትን ድንበር ያሳየን 2010 ነው። በዚያ ዓመት ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ከሰሜን ምሥራቅ የመጣ አየር ብሪታንያን ወረረ። ዲሴምበር ሲያልቅ የመካከለኛው እንግሊዝ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 0.7 ሆኖ ተመዘገበ፤ ከ1890 ወዲህ እንዲህ የቀዘቀዘ ዲሴምበር አልነበረም። የሰሜን ባሕር ግን እንደማንኛውም ዓመት ሞቃት ነበር። ከላዩ ያለፈው አየር እጅግ ቀዝቃዛ ስለነበረ ባሕሩ አሸንፎ ሊያሞቀው አልቻለም፤ ይልቁንም እርጥበት እያቀበለ የምሥራቁን ዳርቻ በበረዶ ካፊያ ደበደበው። እንግዲህ በወቅቱ መጀመሪያ ላይ መለስተኛ ቅዝቃዜ ዋጋ የለውም። ወይ በጣም ይበርዳል፣ ወይ ይዘንባል። መሐል ሰፋሪውን ባሕሩ ይበላዋል።

መሬቱንም እንየው። የወረደው ሁሉ አይተኛም። ሣርና የመኪና ጣሪያ ቶሎ ይነጣሉ፤ አስፋልት ውስጡ የያዘው ሙቀት እስኪያልቅ ድረስ እያቀለጠ ይቆያል፤ ድልድይ ከሥሩም አየር ስለሚነካው ከመንገዱ ቀድሞ ይረጋል። በደቂቃ የሚወርደው መሬቱ ማቅለጥ ከሚችለው ካልበለጠ ቀኑን ሙሉ ቢጥልም ምንም አይታይም። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የወረደ አንድ ሰዓት ከእኩለ ቀን ሦስት ሰዓት ይሻላል። ብዙዎቹ የበረዶ ካርታዎች ደግሞ ይህን አያውቁም። 10 ሚሊ ሜትር ውሃን 10 ሴንቲ ሜትር በረዶ አድርገው ያባዙና ዝናብ የተቀላቀለበትንም ጨምረው ይቆልሉታል። የመጀመሪያው በረዶ ግን ብዙውን ጊዜ እርጥብ ነው፤ ያው 10 ሚሊ ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ በደረቅ ቅዝቃዜ ደግሞ 20። ካርታው ላይ 12 ሴንቲ ሜትር አይቶ ጓሮው ውስጥ 3 ያገኘ ሰው "ሞዴሉ ዋሸኝ" ይላል። ሞዴሉ የተናገረው ስለ ውሃው ነበር።

እርጥብ መሆኑ ሌላም መዘዝ አለው። 20 ሴንቲ ሜትር እርጥብ በረዶ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 40 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ኦክቶበር 29 እና 30 ቀን 2011 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የወረደው በረዶ ዛፎቹን ከነቅጠላቸው አገኛቸው። ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ የሚሸከመው ከራቆቱ ቅርንጫፍ ብዙ እጥፍ ነው፤ ተገንጥሎ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ወደቀ፣ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ደንበኞችም መብራት ጠፋባቸው። በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ የተለካው 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ከ1869 በጀመረው መዝገብ በኦክቶበር ያን ያህል ተለክቶ አያውቅም። ጀርመን ውስጥ በሙንስተርላንድ ኖቬምበር 25 ቀን 2005 የሆነውም ተመሳሳይ ነው። እርጥቡ በረዶ ሽቦዎቹ ላይ እየተጠቀለለ ከ80 በላይ የከፍተኛ ኃይል ምሰሶዎችን ጣለ፤ 250,000 ያህል ሰዎች፣ አንዳንዶቹ ለቀናት፣ በጨለማ ቆዩ። ቶሎ የመጣ በረዶ ትንሽ ቢሆንም አይናቅም የምለው ለዚህ ነው። ሙቀቱ ዜሮ ላይ መንሳፈፉ ራሱ ነው ክብደቱን የሚያመጣው።

አሁን ወደ ሩቁ ልውሰዳችሁ፤ ብዙዎቻችሁ የመጣችሁበት እሱ መሆኑን አላጣሁትም። የአሜሪካው ዓለም አቀፍ ሞዴል በቀን አራት ጊዜ ይሠራል፤ እስከ 384 ሰዓት፣ ማለትም እስከ 16 ቀን ይዘልቃል። ከእሱ ጋር አብሮ፣ የመነሻው ሁኔታ ጥቂት ጥቂት እየተዛባ 31 ጊዜ የሚሠራ የትንበያ ጥቅል አለ። አባዙት፤ በቀን 124 የወደፊት ታሪኮች ማለት ነው። ከ124ቱ አንዱ በረዶ ባያሳይ ነው የሚገርመው። ታዲያ አንዱ ያንን አንዷን መርጦ ያጋራታል፣ ሁለት መቶ ሰው ይቀባበላታል፣ በማግስቱ ሞዴሉ ይተዋታል፣ ሌላዋ ትመረጣለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አሜሪካዊው የአየር ሁኔታ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1963 ባሳተመው ሥራ የመነሻ ልዩነት እጅግ ቢያንስም እያደገ ትንበያውን እንደሚበላው ካሳየ ስድሳ ዓመት አልፎታል። የትንበያ ጥቅል የተፈጠረውም ለዚህ ነው። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል በ1992 ሥራ ላይ አዋለው፤ ዛሬ 51 አባላት አሉት።

ጥቅሉን ለማንበብ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ከ51ዱ ስንቱ ቅዝቃዜውን ያመጣል? ቅዝቃዜውን ካመጡት ውስጥ ስንቱ እርጥበት አለው? ከእነዚያስ ስንቱ መሬት ላይ ያስተኛል? 15ቱ ቀዝቃዛ ሆነው በረዶ የሚያስተኙት 6 ብቻ ቢሆኑ ዕድሉ 12 በመቶ ገደማ ነው። ሰው የሚጠራው ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። ደግሞ ዛሬ 12 የነበረው ነገ 20፣ ከነገ ወዲያ 35 እያለ ከወጣ፣ ያ ከየትኛውም ነጠላ ካርታ የበለጠ ይናገራል።

ስለ ወቅታዊ ምልክቶች ብዙ አልቆይም፤ ከሚገባቸው በላይ ስለሚወራላቸው። ላ ኒኛ፣ ማለትም በምድር ወገብ ያለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው የቀዘቀዘበት ሁኔታ፣ ባለበት ዓመት በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ የወቅቱ መጀመሪያ ወደ ቅዝቃዜ፣ መጨረሻው ወደ ለዘብታ የማዘንበል ጠባይ አለው፤ ውቅያኖሱ በሚሞቅበት በኤል ኒኞ ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል። 2010 የላ ኒኛ ዓመት ነበር። ይህ ማዘንበል ነው፣ ቃል ኪዳን አይደለም። የኦክቶበር የሳይቤሪያ በረዶ በፍጥነት መስፋፋቱን ለመጪው ቅዝቃዜ ምልክት የሚያደርጉ አሉ፤ ግንኙነቱ በአንድ ዘመን ጠንክሮ ታይቶ በኋላ የላላ ስለሆነ ገንዘቤን አላስይዝበትም። ኖቬምበር ላይ ተቀምጠው የስትራቶስፌርን፣ ማለትም ከደመናዎቹ በላይ ያለውን የአየር ንብብር፣ ድንገተኛ ሙቀት የሚጠብቁ ወዳጆቼ ደግሞ ይቅር ይበሉኝ። ያ ክስተት በዐሥር ዓመት ውስጥ በአማካይ ስድስት ጊዜ ገደማ ይከሰታል፤ አብዛኛውም ጃንዋሪና ፌብሯሪ ላይ ነው፤ ተጽዕኖው ወደ ታች ለመድረስም ብዙ ጊዜ ሳምንታት ይወስዳል። በፌብሯሪ 2018 አጋማሽ ተከስቶ አውሮፓን በወሩ መጨረሻ ያንቀጠቀጠው ጥሩ ምሳሌ ነው። ለመጀመሪያው በረዶ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም። የ2010ሩም ዲሴምበር ያለ እሱ ነው የመጣው።

የምድር ሙቀት መጨመሩን የሚጠይቅ እንደሚኖር አውቃለሁ። አጭሩ መልስ፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው ሁሉ ወደ ዝናብ ይገፋል፤ ባሕሩ ሲሞቅ ዳርቻው ቀድሞ ይሸነፋል። ሐይቆቹ ሳይረጉ በቆዩ ቁጥር ግን በቂ ቅዝቃዜ በመጣ ጊዜ የሚጥሉበት ወቅት ይረዝማል። ሁለቱ አይጋጩም።

ቀኑ ሲቃረብ እኔ የማየው እንዲህ ነው። አምስት ቀን ሲቀረው ጥቅሉን እቆጥራለሁ። ሁለት ቀን ሲቀረው የነፋሱን አቅጣጫ አያለሁ፤ ከየብስ ነው ወይስ ከባሕር? በመጨረሻው ቀን ካርታውን እዘጋና የጣቢያዎችን ንባብ እከፍታለሁ። የጤዛ ነጥቡ (አየሩ ቀዝቅዞ ጤዛ መሥራት የሚጀምርበት ሙቀት) ከነፋሱ አቅጣጫ ባሉት ጣቢያዎች ከዜሮ በታች ነው? እየወረደ ነው ወይስ እየወጣ? ራዳሩ ላይ የዝናቡ ብርታት ስንት ነው? ዋናው ዝናብ የሚደርሰው በሌሊት ነው? የጤዛ ነጥቡ 2 ዲግሪ ከሆነና ነፋሱ ከባሕር ከሆነ፣ ከላይ ያለው ካርታ የፈለገውን ያህል ቢጠቁር እተኛለሁ።

በመጨረሻ ከታዳሚው የተነሳው ጥያቄ የሚጠበቀው ነበር፦ "ታዲያ ዘንድሮስ?" ለሁላችሁም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም፤ ቁጥሩ የሚጀምረው ከየቦታችሁ መዝገብ ነው። የሠላሳ ዓመቱን ክፈቱና ከዲሴምበር 15 በፊት መሬት ላይ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር የተኛባቸውን ዓመታት ቁጠሩ። ስድስት ከሆኑ መነሻችሁ 20 በመቶ ነው። ወቅታዊ ምልክቶቹ ካገዙ ጥቂት ጨምሩ፣ ካላገዙ ጥቂት ቀንሱ፤ 20ውን 80 ለማድረግ ግን ማንም ምክንያት አልሰጣችሁም።

እንግዲህ እንወዳደር፤ እያንዳንዳችሁ ከዲሴምበር 15 በፊት በቦታችሁ በረዶ የመተኛቱን ዕድል ትሰጣላችሁ። ቁጥራችሁን የምንመዝነው አሜሪካዊው የአየር ሁኔታ ተመራማሪ ግሌን ብራየር በ1950 ባቀረበው መንገድ ነው። ያላችሁትን ዕድል ከሆነው ነገር (ከጣለ 1፣ ካልጣለ 0) ቀንሱ፣ ውጤቱን በራሱ አባዙት። 20 በመቶ ብሎ ያልጣለበት ሰው ቅጣቱ 0.04 ነው፤ ከጣለበት 0.64። 90 በመቶ ብሎ ያልጣለበት 0.81 ይከፍላል። ትንሽ የሰበሰበ ያሸንፋል። ወረቀቱ በየረድፉ እየዞረ ነው፤ የቦታችሁን ስምና ቁጥሩን ጻፉበት። ከዛሬ ማታ በኋላ የሚመጣ ቁጥር አይቆጠርም፤ ማረምም የለም።